ልጁ ከጁኒየር ሆኪ ዕድሜ ወጣ፤ ባሕር ማዶ የሚጫወትበት ሊግ እንዴት እናግኝለት?

መነሻው ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ የጎንደር ልጆች። እኔ እዚሁ ፒያሳ ነኝ። ጥያቄዬ ስለ እህቴ ልጅ ነው። እህቴ ካልጋሪ፣ ካናዳ ከገባች 22 ዓመቷ ነው። ልጇ እዚያው ተወልዶ እዚያው አደገ። በ5 ዓመቱ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ሕይወቱ አይስ ሆኪ ሆነ። ተከላካይ ነው። ሦስት ዓመት በአልበርታ ጁኒየር ኤ ሊግ ተጫወተ። መጋቢት ላይ ቡድኑ ተሸንፎ ከውድድር ወጣ፤ የእሱም የጁኒየር ዘመን በዚያው አለቀ። እዚያ ጁኒየር ማለት እስከ 20 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ቦታ የለህም።

በዚያው ሳምንት ማታ ደወለልኝ። ለእናቱ ያላወራትን ለእኔ አወራኝ። ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ መኪናው ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሞተር ሳያስነሳ ተቀምጦ እንደነበር ነገረኝ። ማቆም አይፈልግም። ባሕር ማዶ ሄደው የሚጫወቱ እንዳሉ ሰምቷል፤ በየት በኩል እንደሚገባ ግን አያውቅም። እናቱ ሁለት ፈረቃ ነው የምትሠራው። እኔ ደግሞ በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም። ግን የጎንደር ልጅ ያልደረሰበት አገር የለም። ስዊድን አላችሁ፣ ጀርመን አላችሁ፣ አውስትራሊያ አላችሁ። ስለዚህ ልጠይቅ። ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚሆን ሊግ የት አለ? ሳንታለል እንዴት እንድረስበት? ወይስ መጀመሪያ ትምህርት ይግባ?

ምላሹ 31 ደርሷል። ሰብሰብ አድርጌ እንድጽፈው ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ በቁጥራቸው ተራ እነሆ። የማንንም ስም አላነሳም።

ምላሽ 1። ከአዘዞ የጻፈ ወንድም ነው። ትሑት ሰው ነው፤ በምርቃት ጀመረ። ልጁ የሣር ሆኪ የሚጫወት መስሎት ነበር። ግብፅና ኬንያ በዚህ ጨዋታ የቆየ ልምድ አላቸው፣ ለአገሩም ቅርብ ይሆናል ብሎ መከረ።

ምላሽ 2። የመጀመሪያውን ሳያሳፍር አረመው። ይሄኛው በበረዶ ላይ ነው። የሚመታውም ኳስ አይደለም፤ ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ነው። ክብደቱ 170 ግራም ገደማ ነው። ከአንድ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይሰለፋል። ተጫዋቾቹ በጣም ስለሚደክማቸው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይቀያየራሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ታች ስለ ቪዲዮ የተባለውን ለመረዳት ይጠቅማል።

ምላሽ 3። አንድ አባት ናቸው የጻፉት። እኛስ የራሳችን አለን አይደል ወይ ብለው ስለ ገና ጨዋታ አወሩ። ልጅ ሳሉ ኅዳር ሲገባ ጫካ ወርደው ጫፉ የቆለመመ ወይራ ይፈልጉ ነበር። እሳት ላይ እያሞቁ ያቃኑታል፣ ቅቤ ይቀቡታል። በገና ዕለት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሆነው እስኪመሽ ይጋጠማሉ። የተፈነከተ ሰው ቂም አይዝም ነበር። ዕለቱ የጨዋታ ስለሆነ ጌታም ቢሆን አይቆጣም። እኝህን አባት ያዙልኝ፤ ኋላ ይመለሳሉ።

ምላሽ 4። የገናው ኳስ ስሙ ጥንግ ነው የሚል ሰው መጣ። አባትየው እሩር ብለው ነበርና። በሁለቱም ስም ሲጠራ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ክርክሩ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በየመሐሉ ብቅ እያለ ዘለቀ።

ምላሽ 5። የመጀመሪያው ሁነኛ መልስ ይህ ነበር። ኤድመንተን የሚኖር የሦስት ልጆች አባት ነው። ሁለቱ ልጆቹ ሆኪ ይጫወታሉ። ከልጃችን ሊግ ከፍ የሚለው የካናዳ ሆኪ ሊግ ሦስት ሊጎችን አቅፎ 60 ያህል ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ ቡድን 20 ዓመት የሞላቸውን ሦስት ብቻ ነው መያዝ የሚችለው። ማለትም በመላው ካናዳና እዚያ በሚጫወቱ የአሜሪካ ከተሞች ከፍተኛው ደረጃ ላይ ለዚህ ዕድሜ ያለው ቦታ 180 ገደማ ነው። 21 ዓመት የሚሞላበት ዓመት ሲመጣ ደግሞ ለማንም ቦታ የለም። በየፀደዩ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች በአንድ ቀን ከሜዳ ይወጣሉ። የችሎታ ጉዳይ አይደለም፤ የልደት ዘመን ጉዳይ ነው።

ይህን ለእህቴ አነበብኩላት። ልጄ አጥፍቶ ነው ያባረሩት ብላ አንድ ወር ስታስብ ነበር የቆየችው። ስልክ ላይ አለቀሰች።

ምላሽ 6። ለምን ቀጥታ የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ ኤንኤችኤል አይገባም የሚል አንድ መስመር ነበር።

ምላሽ 7። ስድስተኛውን ሞልጮ ተናገረው። ኤንኤችኤል 32 ክለብ ብቻ ነው፣ ከመላው ዓለም የተመረጠ ሰው ነው የሚጫወትበት፣ ሳታውቅ ሰው አታስጎምጅ አለው። አነጋገሩ ከረረ፤ ፍሬ ነገሩ ግን ልክ ነበር። ስድስተኛው ተመልሶ አልጻፈም። እኔ ግን በክፋት እንዳልጠየቀ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ ጠይቄ ነበር።

ምላሽ 8። ስዊድን የምትኖር ነርስ ናት። ረጅም ጻፈች፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስዊድን ውስጥ ከላይ ኤስኤችኤል አለ፣ 14 ክለብ። ከሥሩ ሆኪአልስቬንስካን፣ እሱም 14። ቀጥሎ ሆኪኤታን፣ ከዚያ ዲቪዚዮን 2። እንደ እግር ኳስ ነው፤ ያሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። በሰሜን አሜሪካ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ የታችኛው ክለብ እንኳ ለመውጣት ሲል ጥሩ ተጫዋች ይፈልጋል።

ለእንደኛ ልጅ የሚሆነው የታችኛው ሁለት ደረጃ ነው። ክለቡ ቤት ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ከሌላ ተጫዋች ጋር በጋራ ነው። የኪስ ገንዘብ አለ። አንዳንዱ ክለብ የሕፃናት ቡድን ያሠለጥን ብሎ ሥራ ይጨምርለታል። ሀብታም የሚያደርግ አይደለም፤ ግን ይኖርበታል። ሜዳውም ይለያል አለች። የሰሜን አሜሪካው ወደ 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ስፋት ነው። የአውሮፓው በተለምዶ 60 በ30 ነው። አራት ሜትር ሰፋ ማለት ለተከላካይ ብዙ ነው። ሰው ለመግጨት ከመሮጥ ይልቅ ቦታ ጠብቆ መቆም ይጠይቃል።

መጨረሻ ላይ የጻፈችው ነው ልቤን የነካው። ትንሽ ከተማ ነው የሚደርሰው፤ ታኅሣሥ ላይ ከቀትር በኋላ ሳይቆይ ይጨልማል። ልጁ ብቻውን መቆየት የሚችል ከሆነ ይሂድ፤ ካልሆነ መጀመሪያ ሰው ያለበት ከተማ ፈልጉለት አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ የምታበላው እኔ አለሁ ብላ የከተማዋን ስም በውስጥ መስመር ላከችልኝ። እህቴ፣ ውለታሽን አልረሳውም።

ምላሽ 9። ከጀርመን ነው። እሱ ተስፋ አልሰጠኝም፤ እውነቱን ስለነገረኝ ግን አመሰግነዋለሁ። ከላይ ዲኢኤል፣ ሁለተኛ ዲኢኤል 2፣ ሦስተኛ ኦበርሊጋ ነው። ኦበርሊጋ ላይ አንድ ቡድን የሚያሰልፈው የውጭ ዜጋ ጥቂት ነው። ያን ጥቂት ቦታ ክለቡ ለ20 ዓመት ልጅ አይሰጥም። በአሜሪካ ትንንሽ ሊጎች ጎል ያገባ የ27 ዓመት ሰው ነው የሚያመጣበት። የጀርመን ፓስፖርት ያለው ካናዳዊ ግን እንደ አገር ልጅ ስለሚቆጠር ያን ወንፊት ያልፋል። ብዙዎቹ በአያታቸው በኩል አግኝተውት ነው የሚገቡት። የእኛ ልጅ አያት የዳባት ሰው ናቸው። ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ ማወቃችን ጊዜ አተረፈልን።

ምላሽ 10። እንግሊዝስ አለ ሌላው። ቋንቋው ያው፣ ሊጉ ኤሊት ሊግ የሚባል፣ 10 ክለብ ያለው። ቤልፋስት፣ ካርዲፍ፣ ሼፊልድ፣ ኖቲንግሃም ብሎ ዘረዘረ። ደረጃው ግን ለልጃችን ከፍ ያለ ነው። ክለቡ ቢወስደው እንኳ የስፖርተኛ ቪዛ ለማግኘት የስፖርቱ የበላይ አካል ድጋፍ ሊጽፍለት ግድ ነው።

ምላሽ 11። ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ ለምን አስፈለገ ብሎ አቋራጭ አመጣ። ካናዳዊ ወጣት እስከ 35 ዓመቱ በወጣቶች የሥራ ቪዛ እንግሊዝ ገብቶ ሦስት ዓመት መሥራት ይችላል፤ በዚያ ይግባና ይጫወት አለ።

ምላሽ 12። በጣም ተቆጥቶ ጻፈ። ያ ቪዛ ሙያተኛ ስፖርተኛ ሆኖ መሥራትን ይከለክላል፣ ልጁን ልታስባርሩት ነው ወይ አለ። ሰው የማያውቀውን አይምከር ብሎም ጨመረ።

ምላሽ 13። አሥራ አንደኛው ነው ተመልሶ የመጣው። የመንግሥቱን መመሪያ ከፍቶ አነበበው፤ አሥራ ሁለተኛው ልክ ነው። ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል። ያቺ አንዲት እርማት ባትኖር እኛ ትኬት እንቆርጥ ነበር።

ምላሽ 14። ስለ ሼንገን፣ ማለትም ስለ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ቀጠና ነው። ያለ ቪዛ የሚገባ ካናዳዊ ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው መቆየት የሚችለው። የውድድር ዘመኑ ከመስከረም እስከ መጋቢት ስድስት ሰባት ወር ነው። ስለዚህ ጎብኚ ሆኖ ገብቶ መጫወት የሚባል ነገር የለም። የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱን ማን ያወጣል ተብሎ ክለቡ መጀመሪያ ይጠየቅ። መልስ የሌለው ክለብ ይቅር።

ምላሽ 15። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። አንድ ሰው እኔ ከክለቦች ጋር እሠራለሁ፣ 2,000 ዶላር ላኩና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቡድን አገባዋለሁ አለ። ስልክ ቁጥር አስቀመጠ።

ምላሽ 16፣ 17 እና 18። ሦስቱም ተረባረቡበት። አንደኛው የክለቡን ስም ተናገር አለው። ሁለተኛው ከዚህ በፊት እዚሁ መድረክ ላይ ለእግር ኳስ ልጆች የዱባይ ሙከራ እያለ ገንዘብ የሰበሰበው ሰው አንተ አይደለህም ወይ አለው። ሦስተኛዋ የተናገረችውን እዚህ አልደግመውም። ሰውየው ስም አልጠራም። ቁጥሩን አጥፍቶ ወጣ።

ምላሽ 19። የእኔ ነው። ለምን ዝም እንዳላልኩ ልንገራችሁ። ዓምና እህቴ ለአንድ ደላላ 1,500 ዶላር ከፍላለች። የአውሮፓ አሠልጣኞች የሚመጡበት የሙከራ ካምፕ አለ ብሎ ነበር። ልጁ ዕቃውን ጭኖ 9 ሰዓት ሙሉ መኪና ነዳ። ደረሰ። አንድም አውሮፓዊ አሠልጣኝ አልነበረም። እንደ እሱ ገንዘብ የከፈሉ 40 ልጆች እርስ በርስ ተጫውተው ተመለሱ። እህቴ ያን ገንዘብ ያገኘችው በሌሊት ፈረቃ አዛውንት ስትጠብቅ ነው። ገንዘቡ ቢያንገበግበኝም ይበልጥ ያመመኝ ልጁ ጥፋተኛ እኔ ነኝ ብሎ ሁለት ወር እናቱን ቀና ብሎ ማየት መፍራቱ ነው። ስለዚህ ማንም በቅድሚያ ክፈሉ የሚል ሰው እዚህ ቤት አይለጥፍ። ለምኛለሁ።

ምላሽ 20። ኤድመንተን ያለው አባት ተመለሰ። ደህና ኤጀንት የሚበላው ልጁ ውል ሲፈርም ነው፤ ከዚያ በፊት አይጠይቅም አለ። በዚህ ደረጃ ደግሞ ኤጀንት ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል። የየክለቡ አሠልጣኝ አድራሻ በክለቡ ገጽ ላይ አለ። ልጁ ራሱ ይጻፍ። ኤሊት ፕሮስፔክትስ የሚባለው የተጫዋቾች መዝገብ ላይ ገጹን ያስተካክል፤ ቁመት፣ ክብደት፣ የተጫወተባቸው ዓመታት፣ ፓስፖርት። አሠልጣኞች ስም ሲደርሳቸው መጀመሪያ የሚከፍቱት እሱን ነው። ከዚያ ቪዲዮ። ጎል ብቻ የተለቃቀመበት ቪዲዮ ለተከላካይ ዋጋ የለውም። ሜዳ ከገባበት እስከ ወጣበት ያሉ ሙሉ ተራዎች ይላኩ፤ የተሳሳተበትም ይኑር። አሠልጣኙ ፓክ ሲነጠቅ እንዴት እንደሚመለስ ማየት ይፈልጋል።

ምላሽ 21። ሜልቦርን ያለ ልጅ ነው። የሁላችንም ሐሳብ አውሮፓ ላይ ነበር፤ እሱ አዞረን። አውስትራሊያ የራሷ አይስ ሆኪ ሊግ አላት። ክረምታቸው የእኛ ሰኔና ሐምሌ ስለሆነ ውድድሩ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው። ኒውዚላንድም በዚያው ወቅት ትጫወታለች። ደመወዝ ብሎ ነገር እምብዛም ነው፤ የአገሩ ተጫዋቾች ቀን ሥራቸውን ውለው ነው ማታ የሚለማመዱት። ከውጭ ለመጣ ግን ብዙ ጊዜ ትኬቱንና ማረፊያውን ይሸፍናሉ። ጥቅሙ ሌላ ነው። አውሮፓ ውድድር በሌለበት ወቅት ልጁ ይጫወታል፣ ቪዲዮው ይታደሳል፣ መስከረም ላይ ለአውሮፓ ክለብ ዝግጁ ሆኖ ይቀርባል። የዘንድሮው ተጀምሯል፤ ሰው ሲጎዳባቸው ግን በመሐል ይጠራሉ።

ምላሽ 22። ከማራኪ አንድ መምህር ጻፈ። አነጋገሩ ለስላሳ አልነበረም። በ20 ዓመት ዱላ ይዞ አገር ላገር መዞር ምን ይባላል አለ። እናቱ ሁለት ፈረቃ የምትሠራው ልጇ ዲግሪ እንዲይዝ እንጂ ስዊድን ገጠር ገብቶ በኪስ ገንዘብ እንዲኖር አይደለም አለ። አሜሪካም ካናዳም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆኪ አለ፤ እዚያ እየተማረ ለምን አይጫወትም?

ምላሽ 23። ለመምህሩ መልስ ነው። ነገሩ ዘንድሮ ከባድ ሆኗል። ቀድሞ የካናዳ ሆኪ ሊግ ተጫዋቾች የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር የሆነው ኤንሲኤኤ አንደኛ ዲቪዚዮን ውስጥ መግባት አይችሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ሕጉ ተለወጠ፤ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ይገባሉ። ለእነሱ ትልቅ ዕድል ነው። እንደኛ ልጅ ጁኒየር ኤ ለተጫወቱት ግን ወንበሩ ጠበበ። ሦስተኛው ዲቪዚዮን አለ፣ የካናዳው ዩ ስፖርትስም አለ። እነዚያ ይሞከሩ አለ።

ምላሽ 24። ይህን በደማቁ ጻፉልኝ። ባሕር ማዶ ሄዶ የሙያተኛ ውል የፈረመ ልጅ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሆኪ ልመለስ ሲል በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ዓመት በዘገየ ቁጥርም መጫወት ከሚፈቀድለት ዘመን ላይ ሊቀነስበት ይችላል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ዩኒቨርሲቲዎቹን በጽሑፍ ይጠይቅ።

በእኔ እምነት ከ31ዱ ምላሽ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። መምህሩ ስለ ትምህርት የተናገረው ቢያስከፋኝም መነሻው ትክክል ነበር። ልጁ ሁለቱንም በር አይቶ እንዲመርጥ እንጂ አንዱን ሳያውቅ እንዲዘጋ አልፈልግም።

ምላሽ 25። እናት ናት። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 ሼፊልድ ላይ የኖቲንግሃሙ አዳም ጆንሰን በጨዋታ መሐል አንገቱ በበረዶ ጫማ ስለት ተቆርጦ ሞቷል። ልጃችሁ የአንገት መከላከያ ያደርጋል ወይ? ከዚያ አደጋ በኋላ እንግሊዝ ከጥር 2024 ጀምሮ ግዴታ አድርጋዋለች። ሌላ አገር ግዴታ ባይሆንም ያድርግ አለች። ያን ዕለት ማታ ደወልኩለት። ጁኒየር ሳለ ያደርግ እንደነበር ነገረኝ። ሊጉ የትም ይሁን የት እንዳያወልቀው ቃል አስገባሁት።

ምላሽ 26። ጥቁር ልጅ በነጭ ትንሽ ከተማ እንዴት ይኖራል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩክሬን ሊግ ውስጥ ጄለን ስመሬክ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ላይ የደረሰውን አስታወሰ። ተጋጣሚው ሙዝ የሚልጥ መስሎ አሾፈበት። የአገሩ ሊግ የጣለው ቅጣት ቀላል ስለነበር ብዙ ሰው ጮኸ። ጸሐፊው አትላኩት አላለም። ቡድኑ ውስጥ ሌላ ጥቁር ተጫዋች ነበረ ወይ፣ አሠልጣኙ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ምን ያደርጋል ብላችሁ ጠይቁ ነው ያለው። አሠልጣኙ በዚህ ጥያቄ ከተናደደ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ምላሽ 27። የዊሊ ኦሪን ታሪክ ተረከ። እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ ኤንኤችኤል ውስጥ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። ጁኒየር ሳለ ፓክ ቀኝ ዓይኑን መትቶት ማየት አቁሞ ነበር። ለማንም አልነገረም። ኤንኤችኤል ላይ 45 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ በታችኞቹ ሊጎች ግን ከ40 ዓመት በላይ እስኪሆነው ድረስ ቀጠለ። በ2018 የሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ፤ በ2022 ቦስተን 22 ቁጥር ማሊያውን ለክብሩ ሰቀለችለት። ይህን ለልጁ ላኩለት። ታሪኩን ያውቀዋል፤ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ፎቶው አለ።

ምላሽ 28። አጭር ናት። የእኛም ሮቤል ተክለማርያም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል አለች። በረዶ ለእኛ እንግዳ ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ያስታውስ።

ምላሽ 29። ይህ ምላሽ እንቅልፍ ነሳኝ። እዚሁ ጎንደር የታዳጊ እግር ኳስ የሚያሠለጥን ሰው ነው። ለአንድ ካናዳ ላደገ ልጅ 28 ሰው ሲመክር አየሁ፣ ደስ ብሎኛል አለ። ግን በየዓመቱ ከእኔ እጅ 20 ዓመት ሞልቶት የሚወጣ ልጅ አለ፤ ለእሱ ማን ጠየቀ? ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ሲያነሳ ሁላችንም መንገድ ላይ ነበርን። ዋናው ቡድን የሚገባው ግን አንድ ሁለት ነው። የቀረው ባጃጅ ይነዳል፣ ወይ አገር ጥሎ በእግሩ ይወጣል። ካናዳ ያለው ልጅ ቢያንስ ፓስፖርት አለው አለ።

የምከራከርበት ነገር የለኝም። ልክ ነው። ለእነዚያ ልጆች ሌላ ክር እከፍታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ሰኞ ሱቄ መጥቶ ዝርዝሩን ሊሰጠኝ ተስማምተናል። እዚህ ያላችሁ የውጭ ሰዎች ያን ጊዜም እንዳትጠፉ።

ምላሽ 30። የውል ጉዳይ ነው፤ ሁለት ዓመት ፈረንሳይ ትንሽ ክለብ ውስጥ የተጫወተ ልጅ የሚያውቅ ሰው ጻፈው። ደመወዙ ከግብር በኋላ ነው ወይስ በፊት? ቢጎዳ ሐኪም ቤት ማን ይከፍላል? የመመለሻ ትኬት አለ? ክለቡ በመሐል ቢያሰናብተው ከቤቱ የሚወጣው በስንት ቀን ነው? ከካናዳ ፌዴሬሽን ወደ አዲሱ አገር የሚያዛውረውን ዓለም አቀፍ የዝውውር ካርድ ማን ያስወጣል፣ ክፍያውስ የማን ነው? ካርዱ ሳይመጣ ሜዳ መግባት የለም። ሁሉም በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ የተባለ ነገር አይቆጠርም።

ከዚህ ቀጥሎ ልጁ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ሁሉን አንብቤለታለሁ። ያልገባውን አማርኛ እናቱ ተረጎመችለት። ቪዲዮውን እንደተባለው ሠራ፤ የተሳሳተበትንም አስገባ። ለ40 ክለቦች ጻፈ። 35ቱ ዝም አሉ። ሁለቱ ሞልቷል አሉ። ሦስቱ መለሱ። አንዱ ዲቪዚዮን 2 ያለ የስዊድን ክለብ ነው፤ ነርሷ እህታችን ካለችበት ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት ነው። የአንድ ሙሉ ጨዋታ ቪዲዮ ላክልን ብለውታል። አንዱ ኒውዚላንድ ነው፤ የሚመጣውን ዓመት ነው የሚያወሩት። ሦስተኛው ቅድሚያ ገንዘብ ጠየቀ። ልጁ ለማንም ሳይነግር ራሱ መልሶ እንቢ አላቸው። በጎን ደግሞ ለሁለት የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ውሉ ጉዳይ በጽሑፍ ጠይቋል፤ መልሳቸው እስኪመጣ አይፈርምም።

ምላሽ 31። የገናው አባት ናቸው። ሁሉንም አንብበው ነው የመጡት። ልጁ ከሦስት ዓመት በፊት ለጥምቀት መጥቶ ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ባለጎማ ጫማ አድርጎ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲጫወት ማየታቸውን ነገሩኝ። እሳቸው መሆናቸውን አላወቅኩም ነበር። ያን ጊዜ የሰፈሩ ልጆች የያዙት ዱላ መጥረጊያ እንጨት ስለነበር በሁለት ቀን ተሰብሮ አለቀ። ሊጉ የትም ይሁን፣ ለሚመጣው ገና ቢመጣም ባይመጣም፣ ከደባርቅ በኩል ደህና ወይራ አስመጥተው ሊያቃኑለት ነው። ለሰፈሩ ልጆችም አምስት ይጨምራሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ዱላው እንዳያጥረው ቁመቱን ላኪልኝ አሉ።

አባቴ፣ 1 ሜትር ከ88 ነው።